አባዬ ወደ እንሴኖ ያልተመለሰበት ሳምንት

ዛሬ ጠዋት የዩኒቨርሲቲያችንን አዲስ ገቢዎች ልንቀበል ወጥተን ነበር። በሩ ጋ አንድ አባት ልጃቸውን አስገብተው፣ መሄድ አቅቷቸው ቆመዋል። ያንን አቋቋም አውቀዋለሁ።

አባዬ እንሴኖ ከተማ ውስጥ በርበሬ ነጋዴ ነው። አምና ፍሬሽ ሆኜ ስመጣ ግማሽ ቀን አብሮኝ ተሳፍሮ፣ ብርድ ልብሴን በበርበሬ ጆንያ ጠቅጥቆ እዚህ ጉብሬ አደረሰኝ። በሩ ላይ "ወላጅ እስከዚህ ነው" ተባለ። ጆንያውን አሸከመኝና "በይ፣ አላህ ካንቺ ጋር ይሁን" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ብርድ ልብሱን ስዘረጋ ዶርሙ በሙሉ ያስነጥስ ጀመር።

"አንቺ፣ ይሄ የሚለበስ ነው ወይስ የሚፈጭ?" አለች የጎን አልጋዬ ልጅ።

ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ።

የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል። የካፌው ወጥ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። የባሰው ግን ክፍል ውስጥ ነበር። ከትምህርት ቤታችን አንደኛ የወጣሁት ልጅ፣ መምህሩ እንግሊዝኛውን ሲያንበለብሉት ደብተሬ ላይ ቀኑን ብቻ ጽፌ እወጣለሁ። ሦስት ገጽ፣ ሦስት ቀን፣ ሌላ ምንም። ያቺ ጎበዝ ልጅ ውሸት ነበረች እንዴ እያልኩ መታጠቢያ ቤት ተደብቄ አለቀስኩ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ጆንያዬን አስሬ ደወልኩ።

"አባዬ፣ ና ውሰደኝ። እዚህ ከቆየሁ እሞታለሁ።"

"ሰው ምን ይለናል" አላለም። "እሺ የኔ ልጅ፣ መጣሁ" ብቻ።

ከቀትር በፊት አይደርስም ብዬ ነበር። ዶርም መቀመጥ አቅቶኝ ጆንያዬን ተሸክሜ በሩ ጋ ብወጣ፣ አባዬ ከማዶው ሻይ ቤት ብቅ አለ! አንድ ባለባጃጅ እያለፈ፣ "አባ በርበሬ! ዛሬም አልሄዱም? በቃ የጉብሬ መታወቂያ ያውጡ!" ብሎ ጮኸ።

በርበሬ በሚለቀምበት፣ ገበያው በሚደራበት ሰሞን ሱቁን ዘግቶ እዚያ ከርሟል።

"አልሄድክም?" አልኩት።

እንደ ጥፋተኛ መሬት መሬቱን አየ። "እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። እዚያ ውስጥ ስላለው ነገር ምን ብዬ ልምከርሽ? ደጅ መቀመጥ ግን እችላለሁ።"

አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ጆንያዬን ተቀበለኝ። "መኪናው ስምንት ሰዓት ነው። ዛሬ ክፍል አለሽ?"

"አራት ሰዓት ላይ። ግን ምንም አይገባኝም።"

"አይግባሽ። ያልገባሽን ጽፈሽ ነይ። ስትወጪ እንሂድ ካልሽኝ፣ ወላሂ እንሄዳለን።"

ገባሁ። ያልገባኝን ቃል ሁሉ እንደሰማሁት ስጽፍ ሁለት ገጽ ሞላ። ያቺው የጎን አልጋዬ ልጅ አጠገቤ ነበረች፤ ደብተሬን ሰርቃ አየችና፣ "እኔን ብቻ ግራ የገባኝ መስሎኝ!" አለች። ዓይኗ እንደኔው አብጧል።

ስወጣ አባዬ በሩ ፊት ካለው ዛፍ ሥር ጆንያው ላይ ተቀምጧል።

"እንሂድ?"

"ብርድ ልብሴን ስጠኝ" አልኩት።

ወዲያው ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ፤ እስከ ገና ድረስ አለቅስ ነበር። ግን እየጻፍኩ ነበር የማለቅሰው። ይኸው መጻፍ ለመደብኝ፤ ይሄንንም የምጽፈው በዚያው ደብተር ጀርባ ላይ ነው።

ዛሬ ወደ እኚያ አባት ጠጋ ብዬ፣ "አባባ፣ የዚያ ዛፍ ጥላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይሸሽም" አልኳቸው።

ደንገጥ ብለው አዩኝ። "እንደማልሄድ ማን ነገረሽ?"