ጋሽ ዝግታ እንደገና መንዳት ሲማሩ

ጋሽ ዝግታ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ፣ ሌላው ሹፌር ለምሳ የሚደርስበት ከተማ እሳቸው የሚገቡት ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነበር። ከኋላ ወንበር፣ "ጋሼ፣ ጸጉራችን ሳይሸብት ያድርሱን እንጂ!" የሚል አይጠፋም። እሳቸው በስፖኪዮ አይተውት፣ "የሸበተ ሰው እኮ በሕይወት ያለ ሰው ነው" ይሉና በዚያው እርጋታቸው ይቀጥላሉ። ጠዋት ከመናኸሪያ ሳይወጡ ስድስቱንም ጎማ በዱላ መታ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። ረዳቱ ቀድሞ ቢያደርገውም እሳቸው ካልደገሙት አውቶቡሱ አይነቃነቅም። ጡረታ ሲወጡ በመዝገባቸው ላይ አንድ አደጋ፣ አንድ ቅጣት አልነበረም።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ ባሕር ማዶ ያለችው ልጃቸው መንታ ወለደች። ልጅቷ ነርስ ናት፤ ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ስለሆነ ሳምንቱን የሚያሳልፈው በሌላ ከተማ ነው። "አባዬ፣ እማዬ፣ ኑልኝ፤ ብቻዬን አልቻልኩም" ብላ ደወለች። ባለቤታቸው ሠላሳ ዓመት አንደኛ ደረጃ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ተማሪውም ጎረቤቱም ባላቸውም ሳይቀር የሚጠራቸው "ቲቸር" እያለ ነው። ሁለቱ ተያይዘው ለመሄድ ተነሡ። ቲቸር ሻንጣቸውን በሕፃን ልብስ ጢም አድርገው ሞሉት። ጋሽ ዝግታ ግን ከሁሉ በፊት መንጃ ፈቃዳቸውን አስተርጉመው፣ ማኅተም አስመትተው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

አዲሱ አገር መጀመሪያ ከበዳቸው። ቋንቋው አልገባቸውም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት ጠባብ ነው፤ መንታዎቹ ደግሞ ተራ ይዘው ያለቅሳሉ፣ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይቀበላል። ልጃቸው የትንሿ መኪናዋን ሁለተኛ ቁልፍ የሰጠቻቸው ቀን ግን ፊታቸው በራ። ጠዋት ጠዋት እሷን ሆስፒታል ያደርሳሉ፣ ሲመለሱ ዳይፐርና ወተት ይገዛሉ፣ ከሥራ ስትወጣም ሄደው ያመጧታል። "ቋንቋውን ባላውቀውም መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ቀይ የትም ቀይ ነው" ይሉ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጃቸውን አድርሰው በሰፊው መንገድ በሰዓት በአርባ አምስት ኪሎ ሜትር ሲመለሱ ከኋላቸው ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ፍሬቻ አሳዩ፣ ዳር ያዙ፣ ሞተር አጠፉ። ከዚያ እንደለመዱት ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ፖሊሱ ሊሄዱ በሩን ከፍተው ወረዱ። ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ ጮኸ። ያለው ነገር ባይገባቸውም ጣቱ ወደ መኪናው ሲጠቁም አይተው ቶሎ ተመለሱ። ለካ በዚህ አገር ሹፌር ከመኪናው አይወርድም፤ ፖሊሱ ነው የሚመጣለት።

ፖሊሱ ገና ወጣት ነው። ሁለት ሦስት ነገር ጠይቋቸው መልስ ሲያጣ ስልኩን አውጥቶ ደወለና በመስኮቱ አቀበላቸው። ከስልኩ ውስጥ በገዛ ቋንቋቸው የሴት ድምፅ ወጣ።

"ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ አስተርጓሚ ነኝ። አይደንግጡ።"

"አልደነገጥኩም ልጄ። ምን አጠፋህ ነው የሚለኝ?"

ፖሊሱ ተናገረ። አስተርጓሚዋ በትክክል መስማቷን ደግማ ጠየቀችው።

"በጣም በቀስታ ነድተዋል ነው የሚለው።"

"ምን አልሽ?"

"ቀስ ብለው በመንዳትዎ ነው ያስቆመዎ። ከኋላዎ አስራ ሰባት መኪና ተሰልፎ ነበር ይላል።"

ጋሽ ዝግታ ሳቃቸው አመለጣቸው። ይሄን ለቀድሞ ረዳቶቻቸው ቢያወሩት ማን ያምናቸዋል? ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱንና ትርጉሙን አገላብጦ አይቶ ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ እዚህ አገር ነዋሪ ሆነው የተመዘገቡት መቼ ነው? ቀኑን ነገሩት። በጣቱ ቆጠረ።

"አባቴ" አለች አስተርጓሚዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ "በውጭ መንጃ ፈቃድ መንዳት የሚቻለው ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ብቻ ነው። እርስዎ አስራ ዘጠኝ ቀን አሳልፈዋል። አሁን በሕጉ ዓይን መንጃ ፈቃድ የለዎትም።"

"ስድስት ወር ሙሉ ስነዳ የነበርኩት እኔው አይደለሁም እንዴ? በአስራ ዘጠኝ ቀን መንዳት ጠፋኝ?"

"ልንገረው?"

ወጣቱን ቀና ብለው አዩት። "ተይው። ሕጉን እሱ አላወጣውም።"

ሁለት ወረቀት ተጻፈ። አንዱ የሳቸው ነው፤ በዝግታ ለመንዳትና ያለ ፈቃድ ለመንዳት ቅጣት፣ ዳግመኛ መሪ ጨብጠው ቢገኙ ደግሞ ፍርድ ቤት። ሁለተኛው በመኪናዋ ባለቤት ስም የተጻፈ ነው። ፈቃድ ለሌለው ሰው ቁልፍ ሰጥታለች ተብሎ በልጃቸው መንጃ ፈቃድ ላይ ሦስት የጥፋት ነጥብ ተመዘገበ። አስተርጓሚዋ ይሄኛውን ሁለቴ ነው የነገረቻቸው፤ መጀመሪያ አልሰማም ብለው ነበር። መኪናዋን እዚያው ዳር ቆልፈው በከተማ አውቶቡስ ወደ ቤት ሄዱ።

ልጃቸው ከሥራ ስትገባ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነበር የጠበቋት።

"በሃያ ዘጠኝ ዓመት በእኔ ስም ያልተጻፈ ነገር ባንቺ ስም አስጻፍኩ" አሉ።

ልጅቷ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። "አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ደብዳቤ መጥቶ ነበር። መንታዎቹን ትኩሳት የያዛቸው ሰሞን ነው፣ ነገ አነበዋለሁ ብዬ ከሌላ ወረቀት ጋር ቀላቀልኩት።"

ጋሽ ዝግታ አሰብ አደረጉ። "ብታነቢውስ ኖሮ እሰማሽ ነበር? ይሄን ሁሉ ዓመት የነዳሁትን እኔን ምን ልታስተምሪኝ ነው እልሽ ነበር።"

ቲቸር አንዱን ሕፃን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ መጡና ቁልፉን አንስተው ኪሳቸው ከተቱት። "በሉ፣ ጥፋቱን ተካፍላችሁ ጨርሱ። ፈቃድ እስኪወጣ ድረስ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

በማግስቱ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሄዱ። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ሰነዳቸውን በአክብሮት ነው ያየችው፤ መልሷ ግን አጭር ነበር፤ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ የመንገድ ፈተና።

"እንደ ጀማሪ?" አሉ በልጃቸው በኩል።

"እንደ ጀማሪ" አለችና መቶ ሰማንያ ገጽ መጽሐፍ አቀበለቻቸው።

ቲቸር ሐኪም ስለ መንታዎቹ የሚናገረውን ለመስማት ብለው ቋንቋ ትምህርት ቤት ይገቡ ስለነበር ማንበቡ የሳቸው ሥራ ሆነ። ሕፃናቱ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ባልና ሚስቱ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

"መስቀለኛ መንገድ ነው፤ ምልክት የለም። ከቀኝህም መኪና ይመጣል፣ ከግራህም ይመጣል። ማን ይቀድማል?"

"ትልቁ መኪና።"

"አንተ ሰው!"

"ከአውቶቡስ ጋር ማን ይጋፋል?"

"የቀኙ ነው የሚቀድመው። ብስክሌትም ቢሆን።"

"እሺ፣ የቀኙ ይሁን። የግራው ሰውዬ ይሄን መጽሐፍ ማንበቡን ግን በምን አውቃለሁ?"

ቲቸር ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ አደረጉ። "መጽሐፉ የሚለውን ነው የጠየቅኩህ። የሆድህን በኋላ ታወራኛለህ።"

እንዲህ እያሉ ሁለት ወር ገፉ። የፈተናው ቀን ሲደርስ ቲቸር፣ "ብቻህን ከምትገባ አብሬህ ልቀመጥ" ብለው እሳቸውም ተመዘገቡ። ጥያቄውን በአስተርጓሚ ድምፅ የሚያሰማ ኮምፒውተር ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ውጤቱ እዚያው ታየ። ቲቸር አንዲት ጥያቄ ብቻ ስተው አለፉ። ጋሽ ዝግታ በሁለት ነጥብ ወደቁ።

በአውቶቡስ ሲመለሱ ጋሽ ዝግታ እስከ አራተኛው ፌርማታ የሚያልፉትን መኪናዎች በመስኮት ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞር አሉ።

"አንቺ፣ መሪ ጨብጠሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ፍሪሲዮን የቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"ከሦስቱ መርገጫ አንዱ ነው።"

ጋሽ ዝግታ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ቲቸር ግን አልሳቁም። "ካለፍኩ አይቀር እኔም ልቀጥል መሰለኝ" አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ዝግታም የጽሑፉን አለፉ፤ ሁለቱም አንድ አስተማሪ ጋ ተመዘገቡ።

አስተማሪዋ የአገራቸው ልጅ ናት፤ እዚህ አስራ አምስት ዓመት ኖራለች። ባልና ሚስቱ ተራ በተራ ይነዳሉ፣ ያልነዳው ከኋላ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ዝግታ ክርናቸውን በመስኮት አወጡ፣ መገንጠያ ላይ ክላክስ አደረጉ፣ ከእግረኛ ማቋረጫው ርቀው የቆሙ አሮጊት አይተው ቀጥ ብለው አቁመው በእጃቸው እለፉ አሉ። አሮጊቷ የሚሻገሩበት ጉዳይ አልነበራቸውም፤ አውቶቡስ ነበር የሚጠብቁት። ይሄን ሁሉ በሁለት ሳምንት አስተወቻቸው። አንዱ ብቻ አልተዋቸው አለ። ሰፊው መንገድ ላይ ሲወጡ እግራቸው ነዳጁን አልረግጥም ይላል።

"ጋሼ፣ ሰማንያ ይላል እኮ" ትላለች።

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ በሃምሳ ምን እንሠራለን?"

በስድስተኛው ትምህርት ነዳጅ ማደያ ጋ እንዲያቆሙ አደረገቻቸው። "ጋሼ፣ መንዳት ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ይሄ ነገር ግን ምንድነው?"

ጋሽ ዝግታ ሞተሩን አጠፉ። "በሃያ ዓመቴ ረዳት ነበርኩ" አሉ። "ሹፌሩ ለእህቱ ሠርግ ቸኩሎ ነበር። ኩርባው ላይ ተገለበጥን። ዘጠኝ ሰው በእጄ ጎትቼ አወጣሁ፤ ሦስቱ አልተነፈሱም። መሪ ከጨበጥኩ አንድም ቀን አልቸኩልም ብዬ ማልኩ።"

በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ቲቸር ይሄን ነገር ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ከኋላ እጃቸውን ዘርግተው የባላቸውን ትከሻ ያዙ።

አስተማሪዋ ቀስ ብላ ተናገረች። "እዚያ ዝግታዎ ሰው አትርፏል፤ ያንን ማንም አይወስድብዎም። እዚህ ግን ሁሉም በሰማንያ ሲሄድ እርስዎ በሃምሳ ከሄዱ፣ የኋላው እርስዎን ላልፍ ብሎ ነው ከሌላ ጋር የሚጋጨው። የሚገለብጠው ልዩነቱ ነው፣ ጋሼ።"

"ልዩነቱ" አሉ ጋሽ ዝግታ። ነገሩ እንደ ሹፌር ገባቸው። ሞተር አስነሱ፣ ስፖኪዮ አዩ፣ ትከሻቸውን አዙረው ጎናቸውን አረጋገጡና ወጡ። ስልሳ። ሰባ። ከኋላ ቲቸር አንገታቸውን አስግገው ቆጣሪውን ያነባሉ። "ሰባ ስምንት። ሰማንያ። እዚያው ያዘው" አሉ። በግራና በቀኝ ያሉት መኪናዎች የቆሙ ያህል አብረዋቸው ሄዱ። የጋሽ ዝግታ ግንባር ላብ በላብ ቢሆንም ከንፈራቸው ፈገግ ብሎ ነበር።

የመንገድ ፈተናውን በአንዴ አለፉ። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ "እርጋታው ይደነቃል" ብሎ ጻፈ፤ ልጃቸው ይሄን ስታነብላቸው ደግማ እንድታነበው አደረጉ። ዛሬ በሳምንት አራት ቀን ከሚኖሩበት ሠፈር የማይርቅ የአረጋውያን መዋያ ሚኒባስ ይነዳሉ። ተሳፋሪዎቻቸው ሁሉ ከሰማንያ ያለፉ ናቸው፤ መውረጃና መውጫው ላይ ክንዳቸውን ስለሚሰጧቸው ስማቸውን ሳያውቁ "ወንድሜ" ይሏቸዋል። አዲስ የመጣ የአገራቸው ሰው ሲያገኙ ደግሞ ሰላምታው ሳያልቅ፣ "መቼ ነው የተመዘገብከው? ቁጠር እስኪ" ነው የሚሉት። እስካሁን አራት ሰው ጊዜው ሳያልፍበት አስተማሪዋ ጋ ወስደው አስመዝግበዋል።

ቲቸር የመንገዱን ፈተና ሁለቴ ወደቁ። መጀመሪያ መኪና ሲያቆሙ ጎማው የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጣ፤ ቀጥሎ የእጅ ፍሬን ሳይለቁ ሊነሱ ታገሉ። በሦስተኛው አለፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ መንታዎቹን ወደ መናፈሻ የሚወስዱት እሳቸው ናቸው፤ ሕፃናቱ ከኋላ፣ ባላቸው ከጎን። ጋሽ ዝግታ ምክር ላለመስጠት ጥርሳቸውን ነክሰው ይቀመጣሉ። መገንጠያ በተቃረቡ ቁጥር ግን ቀኝ እግራቸው የመኪናውን ወለል ድምፅ እስኪያወጣ ይረግጠዋል።

"እዚያ ጋ እኮ ፍሬን የለም" ይላሉ ቲቸር፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

"እኔማ አውቃለሁ። እግሬ ነው ያላወቀው።"