በጠራራ ፀሐይ የተወራ ተረት

ፎርም ፎርን፣ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻውን ክፍል፣ ጨርሼ ቤት ተቀመጥኩ ብል ውሸት ነው፤ መቀመጥ የሚባል ነገር አልችልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቴን ሳበሳጭ ከረምኩና ራሷ እጄን ይዛ ሀጂ ሱቅ ወሰደችኝ። ሀጂ ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል፣ ጨርቅና ጫማ የሚሸጡ፣ ከድንበሩ ማዶ ተወልደው ንግድ ያሻገራቸው ሰው ናቸው። እናቴ ስታስረክበኝ፣ "ምላሷ ረጅም ነው፤ ግን አትሰርቅም" አለቻቸው።

"ምላስ ጨርቅ ይሸጣል" አሉና ቀጠሩኝ።

ያ ሱቅ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። አክስቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሄሉ በሚባል መንደር አንድ ባል አግኝታልኛለች፤ ሰውየው ሲናገር ዓይኑን ጣሪያ ላይ ይተክላል። "ሥራ ይዣለሁ፣ አሁን ጊዜ የለኝም" የምለው በሱቁ ተመክቼ ነው። ሱቁ ቢቀር ምክንያቴም ይቀራል።

ጠዋት ጠዋት ሱቁ ሰው አይጠፋውም። ከቀትር በኋላ ግን ከተማው ጭልጥ ብሎ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ነው እኔ የምሰቃየው። አንድ ቀን፣ ልክ በዚያ ሰዓት፣ ሀጂ ከገበያ አንዲት እርጉዝ ግመል ነድተው መጡ። ማዶ ላሉት እናታቸው ነው የገዟት፤ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል፤ እናትየው ወተቷን እንዲጠጡ። ጠዋት እስክትሻገር ድረስ ከሱቁ ጓሮ ያለው ዛፍ ሥር ልትታሰር ነው። የጓሮው በር ክፍት ስለነበር ከተቀመጥኩበት ሆኜ ገመዱን ግንዱ ላይ ሲጠመጥሙ አያቸዋለሁ።

"እንቅልፌ መጣ። አንቺ ልጅ፣ እስቲ የሆነ ነገር አውሪ" አሉኝ።

የሰፈሩን ወሬ ጠዋት ጨርሼዋለሁ። "ተረት ልንገርዎት?"

"ተረት? እኔ ልጅ ነኝ?"

"ልጅማ ቢሆኑ ከረሜላ ሰጥቼ ዝም አሰኝዎት ነበር።"

ሳቁ። ሳቃቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩትና ጀመርኩ። ተረቱን የሰማሁት ከአባቴ ነው። አባቴ ስደተኛ ሆኖ ሲመጣ ይዞት የመጣው ዕቃ ጥቂት ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ያልተሸጠው ተረቱ ብቻ ነው።

ዝናብ ሦስት ዓመት ቀረች። አንዲት ላም ብቻ የተረፈችው ሰው፣ ዝናብ የምትተኛበትን ቤት ፍለጋ ወጣ። ሄደ፣ ሄደና አገኛት፤ አሮጊት ናት፤ በሯን ቀርቅራ ተኝታለች። "አልከፍትም፤ የመጣው ሁሉ ስጪኝ እንጂ እንቺ አይለኝም" አለችው። "ምን ልስጥሽ?" አላት። "ስምህን። እኔን ሁሉም ይጠራኛል፤ የራሴ የምለው ስም ግን የለኝም።" ሰጣት። ዝናቡን አስከትሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፣ ኩሬው ሞልቷል፣ ሰው ይጨፍራል። እሱን ግን ማንም አላወቀውም። ስሙን የሰጠ ሰው መልኩም ከሰው ልብ ይወጣል። የገዛ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ፣ "እንግዳው፣ ማንን ፈለግህ?" አለችው።

እዚህ ስደርስ ቀና ብል ሀጂ ጓሮ የሉም። ሱቁ ውስጥ፣ እፊቴ፣ የጨርቅ ጣቃ ላይ ተቀምጠዋል። መቼ እንደገቡም አላየሁም። መቁጠሪያቸው ጣታቸው ላይ ቆሟል።

"አላወቀችውም?" አሉ። "የገዛ ሚስቱ?" ቀልድ አልነበረም፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። እኚህ ሰው ከጉምሩክ ጋር ሲከራከሩ እንኳ ድምፃቸው ሲቀጥን ሰምቼ አላውቅም።

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት አኮ በጓሮ በኩል ገባች። አኮ ዳበል ከሚባል የገጠር መንደር የግመል ወተት በጀሪካን የምታመጣልን አሮጊት ናት፤ በኦሮምኛ አያቴ እንደ ማለት ነው፣ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጠራት። ጀሪካኑን አስቀመጠችና፣ "መንገድ ላይ ገዛሁ ያልከኝ ግመል የታለች?" አለች።

ወጥተን አየን። ዛፉ አለ፤ ግመሏ የለችም።

"ምን እየሠራችሁ ነበር?" አለች አኮ።

"ተረት እያወራሁላቸው" አልኩ።

"በፀሐይ?"

እኛ አገር ተረት ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው የሚወራው። በቀን ካወሩት ከብት ይጠፋል ይባላል። ከልጅነቴ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ልጆች ሥራ እንዳይፈቱ ትልልቆቹ የፈጠሩት ማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር። ትልልቆቹ ራሳቸው እንደሚፈሩት ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው። ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቁሞ ወጣ። ማንዳዚ የሚባለውን የሊጥ ጥብስ የምትሸጠው ሴትዮ ዘይቷን እሳት ላይ ትታ መጣች። "በፀሐይ ተረት አውርታ የሀጂን ግመል አስጠፋች!" የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ መንገዱን ጨረሰው።

ሀጂ ፊታቸው ጠቆረ። "ጀንበር ሳትጠልቅ ግመሏን ይዘሽ ካልመጣሽ ነገ እዚህ ሱቅ እንዳላይሽ።"

"ሀጂ፣ ተረት እኮ እጅ የለውም፤ ገመድ አይፈታም—"

"ሂጂ!"

እሳቸው ወደ ገበያው ሄዱ። እኔና አኮ ዱካውን ተከትለን ወደ ሄሉ። አኮ ዱካ ታነባለች፤ አሸዋው ላይ የግመሏን ኮቴ ወዲያው ለየችው። ከኮቴው ጎን እባብ የሄደበት የመሰለ ቀጭን መስመር አለ። "ገመዷን እየጎተተች ነው፤ የሰው ዱካ ግን የለም" አለችና ፈጠን አለች። እኔ የማስበው ዓይኑን ጣሪያ ላይ የሚተክለውን ሰውዬ ነው።

ትንሽ እንደሄድን አኮ ዞር ሳትል፣ "ተረቱ ምን ነበር?" አለችኝ።

ነገርኳት። ዝናብን፣ ስሙን፣ በሩ ላይ የቆመችውን ሚስት።

"ከዚያስ?"

"አኮ! ፀሐይ እኮ ናት!"

"ግመሏ እንደሆነች ጠፍታለች። ከዚህ በላይ ምን ይጠፋል? ንገሪኝ።"

ሳቄ መጣ። ጨረስኩላት፦ ሚስትየዋ እንግዳ ነው ብላ ውሃ አጠጣችው። ሰውየው ጠጥቶ ሊሄድ ሲል፣ በልማዱ ላሙን ሲጠራ የሚያሰማትን ፉጨት አፏጨ። ላሟ ከሜዳ ሮጣ መጥታ ትከሻውን ላሰችው። ሚስትየዋም ያን ጊዜ አወቀችው።

አኮ ዓይኗን ከዱካው ሳታነሳ ተራመደች። "ላሟማ ታውቃለች። የምታሳዝነው ሚስትየዋ ናት።"

"ለምን?"

"የእኔ ባል በድርቁ ጊዜ ከብት ይዞ ወደ ጎልቦ ቆላ ወረደ። ሁለት ክረምት ቆየ። ሲመለስ አጥንት ብቻ ነው። በሩ ላይ ሰላም ሲለኝ፣ ግባ አልኩት፣ ወተት ሰጠሁት፣ እንደ እንግዳ። ዋንጫውን ሲመልስልኝ ጠርዙን እንደ ድሮው በአውራ ጣቱ ጠረገው። ያኔ ነው ያወቅሁት።"

"ነገርሽው? እንዳላወቅሽው?"

"አበድሽ? እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም። ለማንም። ላንቺ ነው አሁን የነገርኩት።" ከዚያ፣ ምንም እንዳልተናገረች ሁሉ፣ "ወደ ግራ ታጥፋለች" አለችና ዱካውን ቀጠለች።

ተከተልኳት። ያን ተረት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! በልጅነቴ የምጠብቀው ላሟን ነበር፤ ስትሮጥ እጨበጭብ ነበር። በሩ ላይ የቆመችውን ሴት አይቻት አላውቅም። ልጅ ሚስትየዋን ምን ያደርጋታል? ገና ማንም ተለይቶት አልሄደም፣ ማንም ተለውጦ አልተመለሰበትም። ተረት የልጅ ነው የሚሉ ሰዎች በልጅነታቸው ግማሹን ብቻ ሰምተው፣ ሌላውን ግማሽ ሳያገኙት ያደጉ ይመስለኛል። ለአኮ ግን ያ ተረት ስንት ዓመት የተሸከመችውን ነገር የምታስቀምጥበት ቦታ ሆነላት። ሌላ ቦታ አልነበራትም። "ባሌን አላወቅሁትም" ብሎ ለጎረቤት እንዴት ይወራል?

ግመሏን ሄሉ ዳርቻ አገኘናት። የአንዲት ሴትዮ የእሾህ አጥር ላይ አንገቷን ሰዳ ታኝካለች። ሴትዮዋ ድስት እየደበደበች ትጮሃለች፦ "አጥሬን ጨረሰችው! የማን ናት ይቺ ሆዳም?" አኮ የገመዱን ጫፍ አንስታ አየችው። አልተቆረጠም። የቋጠሮ እጥፋት እንኳ የለበትም። ለእኔም አሳየችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ስንመለስ ጀንበሯ ገና ከጣሪያዎቹ በላይ ነበረች። ሀጂ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው፣ ሰው ከቧቸው ተቀምጠዋል። ግመሏን ሲያዩ "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ብድግ አሉ። ብልህ ሴት ብሆን እዚያ ላይ ዝም እል ነበር።

"ሀጂ፣ ተረቱ አልፈታትም። እርስዎ አላሰሯትም። ገመዱን ግንዱ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው፣ ሳይቋጥሩ፣ ተረት ሊሰሙ ገቡ።"

ሥራዬ አለቀ አልኩ በልቤ።

አኮ ናት ያተረፈችኝ። ገመዱን ሀጂ እጅ ላይ አስቀመጠችና፣ "ታዲያ አባቶቻችን በቀን አይወራ ያሉት ለማን መሰላችሁ? ለልጅ? ልጅ ምን ግመል አለው? ተረት ሲሰማ ከብቱን የሚረሳው ትልቁ ሰው ነው" አለች።

ሀጂ ገመዱን አገላብጠው አዩት። መጀመሪያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቁጣ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ልብስ ሰፊው ሳቀ፣ ማንዳዚ ጠባሿም ሳቀች። "ነገ በጊዜ ክፈቺ" አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ አድርገው፣ "ሚስትየዋስ?" አሉ።

"መጀመሪያ ግመሏን ይሰሯት።"

ሄደው አሰሯት። ቋጠሮውን ሳብ አድርገው ሞከሩት። ደግመው ሞከሩት። "አሁን አውሪ" አሉ ከዛፉ ሥር፣ እጃቸውን ከገመዱ ላይ ሳያነሱ።

"ኧረ ፀሐይ አልገባችም!" አለ ወገቡ ላይ ሁለት ሞባይል የታጠቀ አንድ ደላላ፣ ከመንገድ ወደ ጓሮው እየገባ።

"አንተ ምን ግመል አለህና ነው?" አለችው አኮ። "ስልኮችህን ያዝና ተቀመጥ።"

ያዛቸውና ተቀመጠ።