ያልተቀቀለው ሹራብ፦ ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ

ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ አለ። የትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ የፊታችን ሐሙስ ወደ ባሌ ተራሮች ከሚወስዳቸው አሥራ ሁለት ተማሪዎች አንዷ እኔ ነኝ።

ደስታዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረም። የክበቡ መሪ መምህር ብርሃኑ ከዝርዝሩ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ አስከተሉ፦ «ጥጥ ላብ ይይዛል። ቁር ላይ ላባችሁ ሲቀዘቅዝ እናንተም ትቀዘቅዛላችሁ። ከስር ቀጭን የሜሪኖ ሱፍ ያልለበሰ አውቶቡስ አይሳፈርም።» ሜሪኖ ፀጉሩ በጣም የለሰለሰ የበግ ዝርያ ነው። አዲስ ሹራብ መግዛት እኛ ቤት የማይታሰብ ስለሆነ ከጅማ መርካቶ ሰልቫጅ፣ ማለትም ያገለገለ ሹራብ ገዛሁ። እናቴ ኡሚ ደግሞ ሰው ለብሶት የነበረ ልብስ ሳይቀቀል ገላ አይነካም ባይ ናት፤ እንደ ሰፈራችን እናቶች ሁሉ። ድስት ጣደች፣ ቀቀለችው። ሲወጣ የሁለት ዓመቷ የአክስቴ ልጅ ለካችው፤ ልክ ሆናት።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡30

ከሰፈራችን ከአወቱ መንደራ በባጃጅ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ አጋሮ። አጋሮ ብዙ ሰልቫጅ አለ ስለተባልኩ ነው። ኡሚ «ከአስር ሶላት በፊት እቤት» ብላኛለች። የዬቡን ከተማ ስናልፍ ሰማዩ ጠቆረ፤ ከመንገዱ ዳር ሰዎች በወንፊት አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በላስቲክ ለመሸፈን ይሯሯጣሉ። እኔ ደግሞ ስጋቴን እቆጥራለሁ፦ ባላገኝስ? አግኝቼ የውሸት ቢሆንስ?

4፡00፣ አጋሮ

ገበያው ውስጥ ክምር ከክምር እያገላበጥኩ አንድ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ሁለት ሹራብ ያዝኩ፤ አንዱ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚያምር፤ ሌላው ግራጫ፣ ስስ፣ ብብቱ ስር ሽንብራ የምታክል ቀዳዳ ያለችበት። ሻጯ አደ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ዘይነባ ይባላሉ፤ በዕድሜ ከኡሚ ይበልጣሉ።

«ጥቁሩን ልውሰድ?» አልኳቸው።

«ውሰጂ፣ ኢንተላ ኮ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ልሸጥ ነው የመጣሁት።» «ኢንተላ ኮ» ሲሉ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ፊቴን አዩት። «ለምንድነው እንዲህ የተጨነቅሽው? ልትዳሪ ነው?»

ነገርኳቸው። የተቀቀለውንም ጭምር። ሳቃቸው ጎረቤት ሻጮችን አዞረ።

«ሱፍ ቀቀላችሁ? ወላሂ፣ የጅማ ሰው ጎበዝ ነው!»

ከሁለቱም ሹራብ ከውስጥ ስፌታቸው አንዳንድ ክር መዘዙ፤ ክብሪት ጫሩ። የጥቁሩ ክር እንደ ላስቲክ ቀልጦ ጠጠር ሆነ። የግራጫው ግን የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፣ ጣታቸው ሲያሸው አመድ ሆነ።

«ይኼ ሱፍ ነው። ጥሩ ሱፍ መሆኑን ደግሞ አንገትሽን ጠይቂው።»

አንገቴ ላይ አሸሁት። አልኮሰኮሰኝም፤ እንደ ሜሪኖ ለስላሳ ነው። ከልብሴ በላይ ስለካው ሰውነቴ ላይ ልጥፍ አለ፣ ግን ትንፋሽ አልከለከለኝም። ግራጫውን ገዛሁት፤ ቀዳዳዋን በሁለት ስፌት ዘጉልኝና አጣጠቡን አስጠኑኝ፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ማሸት የለም፣ መጠምዘዝ የለም፣ ማንጠልጠል የለም። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ስሰናበታቸው «ለጓደኞችሽም ንገሪ» ብለው አንድ መልእክት ሰጡኝ።

9፡30፣ ቤት

ዝናቡ ሚኒባሱን አዘግይቶት እየሮጥኩ ገባሁ። ኡሚ ግቢ ውስጥ ናት። ድስቱ ይንተከተካል።

«መጣሽ? አምጪው፣ ውሃው ፈልቷል።»

ፌስታሉን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። «ኡሚ፣ ይኼን ከቀቀልሽው ቀረሁ ማለት ነው።»

«የማን ገላ እንደነካው ታውቂያለሽ? እከክ ይዞሽ እዚያ ተራራ ላይ ማን ያክምሻል?»

እስካሁን እልህ መስሎኝ ነበር። ለካ እሷም እንደኔ ፈርታለች። የክብሪቱን ነገር፣ የአጣጠቡን ነገር ነገርኳት። «ሁለት ጊዜ እንጠበው፤ ብቻ አይፍላ» አልኳት።

ኡሚ ድስቱን ከእሳት አወረደች። ከዚያ ሳፋ አመጣች፣ ከድስቱ ትንሽ ቀዳች፣ ቀዝቃዛ ጨመረችበት፣ ክርኗን ነክራ ለካችው። ሕፃን ስታጥብ እንዲያ ነው የምታደርገው። ሹራቡን ቀስ አድርጋ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ። ሁለት ጊዜ አጠበችው። በፎጣ ጠቅልለን ውሃውን አስወጣንና ጥላ ስር ወንበር ላይ ዘረጋነው።

እሑድ ረፋድ ላይ ደርቆ ለበስኩት። ልክ ነው። ኡሚ እጅጌውን ሳብ አድርጋ አየችና «ባሌ በጣም ይበርዳል እንዴ?» አለችኝ። እስከዚያች ሰዓት ስለ ባሌ አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም እስከ ቀትር አወራሁላት።

ጉዞው ያስተማረኝ ይኼን ነው፦ ስለ ሱፍ አስቀድሜ ጠይቄ ለኡሚ ብነግራት ኖሮ የመጀመሪያው ባልተቀቀለ ነበር።

የአደ ዘይነባ መልእክት ይኸውላችሁ። ሱፍ ይሁን አይሁን ያልለየላችሁ ሰልቫጅ ካላችሁ፣ ድስት ከመጣዳችሁ በፊት አጋሮ ገበያ ይዛችሁ ኑ ብለዋል። ከሳቸው ባትገዙም ያዩላችኋል። እናቶቻችሁንም አምጡ።