ልክክ ያለው ካርቡራተር

ወንድሜ በያጅ ነው። ብረት ከብረት ያጋባል እንጂ ስለ ሞተር ሀ ሁ አያውቅም፤ ቢነግሩትም አይሰማ! ለሰባት ዓመት ሴት ልጁ፣ ለሚጢጢ፣ አባጣ ጎርባጣ ላይ የምትነዳ ያገለገለች ትንሽ ሞተር ሳይክል ገዛላት። ሁለት ወር ሳይሞላ ካርቡራተሯ ውስጡ ተበልቶ ቤንዚን ማሳለፍ አቆመ።

ከእናትየው ጋር ከተለያዩ ወዲህ ልጁን የሚያያት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ እናትየው ሌላ አገር ሥራ አግኝታ ይዛት ልትሄድ ነው። የቀረችው አንዲት ቅዳሜ ናት።

«እህቴ፣ አንዴ እንኳ ሳትነዳት ከሄደች እኔን በምን ታስታውሰኛለች?» ሲለኝ አንጀቴን በላው።

ረቡዕ ያገለገለ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ሄደ። እዚያ አሮጌውን ሳያስረክቡ ሌላ አይሰጥም፤ የተበላሸውን ትቶ ሌላ ይዞ መጣ። አልገጠመም። ሐሙስ ቀየረ፤ አሁንም እንቢ አለ። ዓርብ ሥራውን ጥሎ ሄደ። ባለሱቁ አልነበረም፤ ሚስቱ ከመደርደሪያው ላይ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ አንድ አወረደችለት። ግቢ ገብቶ ሲያስረው «ነይ እዪልኝ! ብሎኑ ሳይቀር ልክክ አለ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ሞኟ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤንዚን ሞልቶ ረገጣት። ወይ ፍንክች! ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ ረገጣት። «በእናትሽ፣ ዛሬን ብቻ!» እያለ ብረት ይለምናል። በዚህ መሃል ሚጢጢ ደረሰች። እናትየው ከበር ላይ «አንድ ሰዓት ብቻ፣ አደራ! አውሮፕላኑ አይጠብቀንም» ብላ መኪናዋ ውስጥ ተመልሳ ተቀመጠች።

ልጅቷ ሞተሯ ላይ ጎንበስ አለች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ የኛው ነው! ኮከቤ ይኸው!»

እውነትም ካርቡራተሩ ላይ ድሮ በሚስማር የጫረቻት ኮከብ ነበረች። የገዛ ዕቃውን አጥበው መልሰው ሸጡለት! ድሮስ ሌላው እንዲያ ልክክ ይል ኖሯል? ወንድሜ አፈሩ ላይ ዘጭ አለ። ባለሱቁን ሄጄ ባንቀው ደስ ባለኝ፤ ግን ጊዜ የት አለ?

«አባዬ፣ ተነሳ! ግፋኝ» አለች ሄልሜቷን እያጠለቀች።

ተነሳ። ግቢውን እየዞረ ገፋት። በአፉ «ድርርር» ይላል፤ እሷ እየሳቀች «ፍጥነት ጨምር!» ትለዋለች። የመኪናው ጥሩምባ ሁለቴ ጮኸ፤ እሱ መግፋቱን አላቆመም። እሷ ወደ ፊት ስለምታይ ፊቱን አላየችውም። እኔ ግን ደጃፉ ላይ ቆሜ አየሁት፤ ምነው ባላየሁት።