ኦቨር

ትናንት ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ፣ አንድ ጥበቃ በእጅ ሬዲዮው «መኪናው ደርሷል፣ ኦቨር» ሲል ሰማሁና ወደ እሱ ዞርኩ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከጋምቤላ ርቃ ባለች ማታር በምትባል ከተማ የተመደበ ጤና ረዳት ነበር። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ ስልክ እዚያ አይደርስም፤ ያለው የጤና ቢሮው መገናኛ ሬዲዮ ብቻ ነው። እናቴ በየሳምንቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን አስከትላ ጋምቤላ ወዳለው ቢሮ ትሄዳለች። ቃሉን ያስተማራት የሬዲዮ ሠራተኛው ኦባንግ ነው።

«እህቴ፣ ኦቨር በይ። አንቺ ጨረስሽ፣ እሱ ይጀምራል ማለት ነው። ካላልሽ እሱ ዝም ይላል።»

«ልጅህ ደህና ናት፣ ኦቨር» ስትል አባቴ ከወዲያ ማዶ ይስቅባታል።

አንድ ክረምት «ትንሽ ትኩሳት አለኝ፣ ኦቨር» አለ። በሳምንቱ ስንሄድ ሬዲዮው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ብቻ ይንሿሿል።

«ጌታቸው፣ ትሰማኛለህ? ኦቨር።»

ደጋገመችው። መነጋገሪያው በላብዋ ራሰ። በመጨረሻ ኦባንግ ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደና «አውት» ብሎ ዘጋው።

«እሱስ ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ ተይው» አለኝ ፊቱን አዙሮ። ንግግሩ አበቃ፣ መልስ አይጠበቅም ማለት እንደሆነ ያወቅኩት አድጌ ነው።

መንገዱን ውኃ ስለያዘው አባቴን እዚያው ቀበሩት። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስትጸልይ «አሜን» ማለት ተወች። «ኦቨር» ትልና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። እስክትሞት እንዲሁ አዳመጠች።

ለትናንቱ ጥበቃ ግን ከሬዲዮው ወዲያው መልስ መጣለት። ቀናሁበት።