ሁለተኛው ክፍል ጨው የለውም

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ሲፈን ከምሳ በኋላ አጠገቤ ተለጥፋ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። «አኮ፣ ይኼን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። አኮ የምትለኝ አያቷ ስለሆንኩ ነው። ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣው ጆሮው ላይ የወደቀ፣ የተለጠፈ ጢሙ የተንጋደደ አንድ ሰውዬ ከአበባ ማሰሮ ጀርባ ተደብቆ ጋዜጣ ያነባል። እንዴት አላውቀውም! ነቀምቴ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኛ «ሰላዩ» ነበር የምንለው፤ ሌላ ስም ይኑረው አይኑረው ጠይቀን አናውቅም። ሲፈን የፊልሙን ሁለቱንም ክፍል አግኝታለች፤ የመጀመሪያውን ጨርሳ ሁለተኛውን ልትጀምር ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ከስልኩ ወጥቶ ጋሽ ስርሞሎ መጋዘን ገብቷል።

ጋሽ ስርሞሎ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከገበያው በላይ ጨርቅና ጨው የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ከሱቁ ጀርባ የቡና መጋዘን ነበረው። ባዶ ሲሆንበት ጊዜ ዓይኑ አልችል አለ መሰለኝ፣ ከአዲስ አበባ የፊልም ማሳያ አስመጥቶ፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጥሮ፣ አግዳሚ ደርድሮ ሲኒማ ቤት አደረገው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከተማው እዚያ ነው። ከጉቴ ድረስ በእግራቸው የሚመጡ ነበሩ። ቤቱ የቡና ገለፈት፣ የጆንያና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ነበረው፤ ዛሬም አዲስ ጆንያ ሲሸተኝ ፊልም ሊጀምር ይመስለኛል።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከተማው ደግሞ እንግሊዝኛ የት ያውቃል! ስለዚህ አባቴ ነበር የሚያስተረጉመው። አባቴ ቶሌራ በሥራ ቀን የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነው። ባለጉዳዩ በኦሮምኛ ይናገራል፣ ዳኛው በአማርኛ ይጠይቃል፣ አባቴ መሃል ቆሞ የአንዱን ለሌላው ያቀብላል። እዚያ ቃል መጨመር የለም፣ መቀነስም የለም። ሳምንቱን ሙሉ የታሰረ ምላሱ እሁድ እሁድ ይፈታል። በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማራትን እንግሊዝኛ ይዞ፣ ረጅም የወይራ ዘንግ ይዞ፣ ከአቡጀዲው አጠገብ ይቆማል። መጀመሪያ ፊት ለተቀመጡት ሹማምንት በአማርኛ፣ ቀጥሎ ለቀረነው በኦሮምኛ ይናገራል። አማርኛው አጭር ነው፤ ኦሮምኛው ይረዝማል። ከኋላ ያለው ሕዝብ በሳቅ ሲፈርስ ሹማምንቱ ዞር ይሉና ምን ብሎ ነው ይላሉ። አባቴ ያንኑ ነው ያልኩት ይላቸዋል።

የሰላዩ የመጀመሪያ ክፍል የመጣ እሁድ ከተማው በሳቅ ሊሞት ነበር። ሰውዬው ራሱን ደበቅኩ ባለ ቁጥር ሁሉም ያየዋል፣ እሱ ግን ማንም ያላየው ይመስለዋል። እንግዲህ የእኛም ከተማ የራሷ ጆሮ ጠቢ ነበራት። ማን እንደሆነ ሁሉ ያውቃል፤ መታወቁን እሱም ያውቃል። ልብስ ሰፊው በር ላይ ተቀምጦ አንዲቷን ጋዜጣ ሳምንቱን ሙሉ ያነባታል። ሰላዩ ከአበባ ማሰሮው ጀርባ ጋዜጣውን ሲዘረጋ አባቴ በአማርኛ «ሰላዩ ጋዜጣ እያነበበ ነው» አለ። ከዚያ ዘንጉን አንስቶ የሰውዬውን ባርኔጣ ነካ አደረገና በኦሮምኛ «ኩን ካን ኬኛ ሚቲ?» አለ። ይኼ የእኛው አይደለም እንዴ ማለቱ ነው።

ቆርቆሮው ጣሪያ የሚነሳ መሰለኝ። ቅቤ ሻጯ አዴ ጫልቱ ከአግዳሚው ወድቃ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ባለ ጋዜጣው ራሱ መሃል ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ስቋል፣ አይቼዋለሁ። ፊልሙ ሰላዩ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ውሃ ሲወስደው አለቀ። ሰዉ አይሆንም ብሎ ጮኸ። አባቴ ዘንጉን ከፍ አድርጎ፣ ሁለተኛው ክፍል አለ፣ ሲመጣ እኔው ነኝ የምነግራችሁ አለ። ወደ ቤት ስንሄድም እጄን ይዞ ይኼንኑ ለእኔ ደገመልኝ። አብረን ነው የምናየው አለኝ።

እናቴን አዮ ነበር የምንላት። አዮ የጸሎት ሰው ናት፤ ፊልም ለእሷ ኃጢአት ነው፤ ያን መጋዘን ረግጣው አታውቅም። አባቴ ማታ ፊልሙን ሲተርክላት ጀርባዋን ሰጥታ ምስር ትለቅማለች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። በዚያ ምሽት ትከሻዋ ብዙ ተንቀጠቀጠ።

በሳምንቱ መሃል ሁለት ሰዎች አባቴን ከሥራው ቦታ ለጥያቄ እንፈልግሃለን ብለው ወሰዱት። አዮ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ምግብ ታመላልስ ጀመር። መጀመሪያ ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ይመለስ ነበር፤ አንድ ቀን እንዳለ ተመለሰ። እዚህ የለም አሏት። የት እንደሄደ የሚናገር ጠፋ። አዮ ሰሃኑን አጥባ መደርደሪያው ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። አልቅሳ ቢሆን ኖሮ እኔም አለቅስ ነበር። አላለቀሰችም፣ እኔም አላለቀስኩም። ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ የተሰጠኝን እበላለሁ። ሰውነቴ እንደ ተኙበት እጅ ደንዝዞ ነበር። ጎረቤቱ መንገድ ላይ ሲያገኘን አካም ጂርቱ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል፤ ስለ አባቴ ግን ትንፍሽ የለም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። አልፈርድባቸውም፤ የአባቴን ስም መጥራት ፈርተው ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የአዲስ አበባው አውቶቡስ በአኖ በኩል ጭቃውን አልፎ ሲደርስ፣ ጣሪያው ላይ ከተጫነው ዕቃ መሃል የፊልሙ ቆርቆሮ ነበረ። ጋሽ ስርሞሎ ሁለተኛው ክፍል መጣ ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ። እኔ ያን ሳነብ አባቴ ይመጣል አልኩ። ሲመጣ እኔው ነኝ የምነግራችሁ ብሏል፤ አባቴ ደግሞ ያለው አይቀርም። የልጅ ነገር ነው፤ ግን ሌላ የምይዘው ምንም አልነበረኝም። እሁድ ከበሩ ኋላ የቆመውን ዘንጉን ይዤ ወጣሁ። አዮ አየችኝ፤ የት ነው አላለችም። መጋዘኑ ስደርስ ዘንጉን ለጋሽ ስርሞሎ ሰጥቼ ለአባቴ ነው አልኩት። ጋሽ ስርሞሎ ብዙ የሚያወራ ሰው ነበር። በዚያ ቀን ምንም ሳይል ተቀብሎኝ ከአቡጀዲው አጠገብ አቆመው።

ለማስተርጎም የቆመው ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት አስተማሪ ነበር። ጎበዝ ነው፤ እንግሊዝኛው ከአባቴ እንግሊዝኛ ይበልጣል። ኦሮምኛ ግን አያውቅም። ዘንጉን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ጋሽ ስርሞሎ ራሱን በአሉታ ነቀነቀበት። ወጣቱ ግራ ገብቶት በጣቱ እያሳየ ቀጠለ። ሰላዩ ከወንዙ ወጣ፤ ማንም አላጨበጨበም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማኛል። ከዚያ ሁሉ ሰው ጠጥቶ የመጣ እንኳ አልሳቀም፣ አዴ ጫልቱም አልሳቀችም። እኔ ፊልሙን አላየሁም፤ ያየሁት ዘንጉን ነው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ በሩን። መብራቱ ሲበራ አባቴ አልመጣም። ያኔም ምንም አልተሰማኝም።

በማግስቱ አዴ ጫልቱ ቅቤዋን ይዛ ቤታችን መጣች። አባቴ ከተወሰደ ወዲህ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አዮን ትክ ብላ አየቻት። «ሁለተኛው ክፍል ጨው የለውም» አለች። አዮ «ይሁን» አለች። ከዚያ ልብስ ሰፊው ከሚስቱ ጋር መጣ፤ ሰላዩ ከስቷል፣ ሳያመው አልቀረም አለ። ጋሽ ስርሞሎ ስኳር ይዞ መጥቶ የገዛ ፊልሙን ረገመ፤ ዳግመኛ እንደዚህ ያለ ዕቃ በደጄ አይገባም አለ። ከበከኒሳ ቀሴ ሰፈር የማናውቃቸው ሴትዮ እንኳ መጥተው፣ ያ ሰውዬ ከወንዙ ባይወጣ ይሻለው ነበር አሉን። እንደ ለቅሶ ቤት እየመጡ ይቀመጣሉ፤ እግዜር ያጽናሽ የሚባልበት ቦታ ሲደርሱ ስለ ፊልሙ ይናገራሉ። አንድም ሰው አባቴን አላነሳም። ቄሳችን ሳይቀሩ መጡ፤ ሲኒማ አትሂዱ ብለው የሚሰብኩት እሳቸው ናቸው። ጸሎት አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «አላየሁትም እንጂ፣ ሁለተኛው ጥሩ አይደለም ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ።

በመጨረሻ ባለ ጋዜጣው መጣ። ዝናብ ነበር፤ ጋዜጣውን ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦታል። አዮ እንደ ማንኛውም እንግዳ አስገብታ እርጎ ሰጠችው። ጠጣ። ዋንጫውን ብዙ ጊዜ አገላበጠ። «እኔንም አላሳቀኝም» አለና ተነስቶ ወጣ። አባቴን ያሳሰረው እሱ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አዮ ዋንጫውን ከሌሎቹ ጋር አጠበችው።

አባቴ የመጣው በቆሎ በሚፈለፈልበት ወቅት ነው። ራሱን ተላጭቷል፣ ልብሱ ከሰውነቱ ሰፍቷል። በሩ ላይ ሲቆም ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያመኛል። አዮ ውሃ አሙቃ እግሩን ታጥበው ጀመር። የት ነበርክ አላለችውም፣ እሱም አልተናገረም። ውሃው ሊቀዘቅዝ ሲል ነው አፉን የከፈተው።

«ሁለተኛው መጣ እንዴ?»

«መጣ» አለች አዮ።

«እንዴት ነበር?»

እኔ ልመልስ ነበር። ያን መጋዘን ረግጣ የማታውቀው አዮ ቀና ሳትል ቀደመችኝ። «ጨው የለውም» አለችው።

«ማን አለ?»

«ሰዉ ሁሉ። ቄሱም ጭምር።»

አባቴ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላየሁም፤ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር። አዮ እግሩን አልለቀቀችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስተርጉሟል። ጋሽ ስርሞሎ አባቴን ለምኖ ለምኖ ሁለተኛውን ክፍል እንደገና አስመጣና አባቴ ዘንጉን ይዞ ቆመ። በአማርኛ ያለውን በኦሮምኛም ያንኑ አለ፤ ልክ እንደ ፍርድ ቤት፣ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። ሰዉ ግን ሳቀለት። የሚያስቀውም ቦታ ላይ፣ የማያስቀውም ቦታ ላይ ሳቀለት፤ አዴ ጫልቱ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቅ ነበር። ሲወጡ ሁለተኛው ለካ ጥሩ ነው አሉት። አባቴ አመስግኖ ቤት ገባና ዘንጉን ከበሩ ኋላ አቆመው። እዚያው ቀረ።

እሁድ ዕለት ሲፈን ሁለተኛውን ክፍል ከፈተችልኝ። አባቴ ሲያስተረጉም ዓይኔ ከእሱ አልተነሳም ነበርና፣ በቅጡ ያየሁት ገና ያኔ ነው። ሰላዩ ከወንዙ ሲወጣ ባርኔጣው ውስጥ ዓሣ አለ፤ ሰላምታ ሲሰጥ ዓሣው አለቃው ጭን ላይ ይወድቃል። ሳቅኩ፤ ምን ይደረጋል፣ ያስቃል። የመጀመሪያው እኮ ያለ አባቴ ድምፅ ባርኔጣ ያጠለቀ ሰውዬ ብቻ ነው። ሲፈን ከፊልሙ ሥር ሰዎች የጻፉትን ታነብልኝ ጀመር። ከዓለም ዙሪያ ነው የጻፉት፤ ማንም ማንንም ሳይፈራ፣ ሁሉም ያሻውን ይላል። አብዛኛው ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል ነው የሚለው። እውነታቸውን ነው።

«አንቺስ አኮ? ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» አለችኝ።

«ሁለተኛው ክፍል ጨው የለውም ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

«እንዴ፣ አሁን ስትስቂ አልነበር?»

«ጻፊ» አልኳት። ጻፈችው።