ኢዋኦ ሊገድሉት ያቃታቸው ተክል

ጃፓን ውስጥ፣ ማኩራዛኪ ወደብ አጠገብ ካለችው፣ ሩዝ ከጥሬ ዓሣ ጋር ከምታቀርበው ሱሺ ቤት ጓሮ፣ ሃራን የሚባል ተክል በሸክላ ማሰሮ ቆሟል። ሽማግሌው ኢዋኦ ዕድሜ ልካቸውን ሰፋፊ ቅጠሉን እየቀነጠሱ፣ በቢላ ጫፍ የወፍ ቅርጽ እያወጡ ከዓሣው ሥር ሲያነጥፉ ኖረዋል። ጉልበታቸው ደክሞ ቤቱን ለልጃቸው ለካንጂ ሲያስረክቡ እንኳ ይህችን ሥራ አልለቀቁም።

አንድ ቀን ካንጂ ከገበያ አንድ ካርቶን የፕላስቲክ ቅጠል ይዞ መጣ።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ይረፉ።»

«ደክሞኛል አልኩህ?»

«አላሉም።»

«እንግዲያው እሺ።»

ኢዋኦ ከዚያ ወዲያ ቢላ አልነኩም። በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ ጥግ ይዘው ይቀመጡ ጀመር። ከፍቷቸው ነበር። ንዴታቸውን የተወጡት ግን በተክሉ ላይ ነው፤ እሱም ሥራ ፈት ነውና ይሙት ብለው ውሃ ከለከሉት። አልሞተም። የሻይ አተላ ደፉበት፤ ጭራሽ ወዛ። በመጨረሻ ጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከሩዝ ጆንያ ኋላ ወሽቀው በሩን ዘጉበት። ሃራንን መግደል የሚችለው የሚወደው ሰው ብቻ ነው፣ ውሃ እያበዛበት። ኢዋኦ ደግሞ ጠልተውታል።

ብርዱ ሲያልፍ የቤቱ የድሮ ደንበኛ እማማ ሺዙ፣ በባላቸው ሙት ዓመት ከፎቶው ፊት የሚያቀርቡት ሱሺ አዘዙ። ሳጥኑን ቤታቸው ወስደው ከፈቱት፤ ወዲያው ዘግተው መለሱት።

«ባሌ ወፏን ሳያይ ዓሣውን አይነካም ነበር» አሉ። «ዛሬ ፕላስቲክ ላቅርብለት?»

የካንጂ ሚስት ናትሱኤ ይቅርታ ጠይቃ ቅጠል ልትቀነጥስ ጓሮ ወጣች፤ ማሰሮው የለም።

«አባባ፣ ተክሉስ?»

ኢዋኦ ወደ ዕቃ ቤቱ መሯት። ጆንያውን ጎትታ አነሳች። ተክሉ አቧራ ለብሶ ቆሟል፤ አዲስ ቅጠልም አውጥቷል።

«ምን ዓይነት ጉድ ነው!» አሉ ኢዋኦ። «ልገድለው ያላደረግሁት ነገር የለም።»

ናትሱኤ ቅጠሉን በሽርጧ ወለወለች። ቀና ብላ ግን አላየቻቸውም።

«እኛስ እርስዎን ምን አደረግን፣ አባባ? ጥግ አስቀምጠን ረሳንዎት።»

ኢዋኦ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በእጅጌያቸው ጠረጉት።

«በይ፣ እማማ ሺዙን አታስቁሚያቸው» አሉ። «ቢላዬ ሳይደንዝ አይቀርም፤ ሞረዱን አምጪልኝ።»